ምዕራፍ 6፦ ትከሻ ይሸከማል፣ እጅ ይከፍላል

ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል፤ የጀሪካኑ ክብደት ሲጨመርበት ከዚያም ትንሽ ያልፋል። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን ለገጠር የወጣው የውኃ አቅርቦት መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር፣ ያውም ከቤቱ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ የሚል ነበር። መለኪያው ሙሉ በሙሉ ተሟልቷል ብለን እናስላው። አምስት ነፍስ ያለበት ቤት በቀን 125 ሊትር ይፈልጋል፤ ስድስት ጀሪካን ሞልቶ ይተርፋል ማለት ነው። ውኃው አንድ ኪሎ ሜትር ላይ ከሆነ ስድስት ጊዜ ሄዶ መመለስ 12 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ የመንገዱ ግማሽ 20 ኪሎ ጀርባ ላይ አዝሎ የሚኬድ ነው። ይህን የምትሸከመው ብዙ ጊዜ አንዲት እናት ወይም አንዲት ልጃገረድ ናት።

ለምሳሌ ቢዮ አዋሌን እንውሰድ፤ በድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር ክፍል ያለ አካባቢ ነው። በዚያ ገጠር ሰው ማሽላ ይዘራል፣ ከብትና ፍየል ያረባል፤ ዝናቡ አጭርና የማያስተማምን ነው፤ ኦሮምኛና ሶማልኛ የየቤቱ ቋንቋዎች ናቸው። ውኃ፣ ማገዶ፣ የከብት መኖና ለገበያ የሚወጣ እህል ከቦታ ቦታ የሚሄደው በአህያ ወይም በሰው ትከሻ ነው። ወደ ድሬዳዋ ከተማ ሲገባም ሸክሙ አይቀርም፤ ጫኝና አውራጆች 50 ኪሎ የሲሚንቶ ከረጢትና 100 ኪሎ የእህል ኩንታል በማጅራታቸውና በትከሻቸው ተቀብለው ከመኪና መጋዘን፣ ከመጋዘን መኪና ያመላልሳሉ።

ያ ሁሉ ክብደት በሚያርፍበት ቦታ ሥር ክንድንና እጅን የሚያንቀሳቅሱ ነርቮች በሙሉ ያልፋሉ። ከነዚህ አንዱ ሲታፈን ሰውየው የሚያማርረው ትከሻውን ላይሆን ይችላል። ትንሿ ጣቴ ደነዘዘች፣ ዕቃ ከእጄ ይወድቃል፣ ሌሊት ክንዴን የማስቀምጥበት አጣሁ ብሎ ይመጣል። ጣቱ ይታሻል፣ ክንዱ ይታሰራል፣ መርፌ ይወጋል፤ መንስኤው ግን ከዚያ ሁለት ስንዝር ከፍ ብሎ እንዳለ ይቆያል። ነርቩ የታፈነበት ቦታና ሕመሙ የሚሰማበት ቦታ ብዙ ጊዜ ይለያያሉ። ሁለቱን የሚያገናኘውን መንገድ የሚያውቅ ባለሙያ በጥያቄና በእጁ ብቻ፣ እዚያው ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ የምርመራውን ትልቁን ክፍል መጨረስ ይችላል።

መንገዱ

ክንድን የሚያዙ ነርቮች የሚነሡት አንገት ውስጥ ካለው ሕብለ ሰረሰር ነው። ከአምስተኛው እስከ ስምንተኛው የአንገት ነርቭ አራቱ፣ የመጀመሪያው የደረት ነርቭ ደግሞ አምስተኛው ሆነው በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ባሉ ቀዳዳዎች ይወጣሉ። ከዚያም እንደ ሹሩባ ይሠራሉ፤ ይገናኛሉ፣ ይለያያሉ፣ እንደገና ይገናኛሉ፤ በመጨረሻም ብብት አካባቢ ሲደርሱ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሥራ ያላቸው ነርቮች ሆነው ወደ ክንድ ይወርዳሉ።

በዚህ ጉዞ ነርቮቹ የሚጠብባቸው ቦታ ብዙ ነው። የመጀመሪያው ከአከርካሪው የሚወጡበት ቀዳዳ ነው፤ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ሲያብጥ ወይም አጥንቱ በዕድሜ ሲያድግ ይዘጋባቸዋል። ሁለተኛው አንገት ጎን ላይ ባሉ ሁለት ጡንቻዎች መካከል ያለው ክፍተት ነው። ሦስተኛው ከአንገት ሥር ተነሥቶ እስከ ትከሻ ጫፍ አግድም በሚሄደው አጥንትና በመጀመሪያው የጎን አጥንት መካከል ያለው ጠባብ መተላለፊያ ነው። አራተኛው ከደረት ፊት ለፊት ከሚገኝ ትንሽ ጡንቻ በስተኋላ ነው። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ባሉት ቦታዎች ነርቭ ወይም የደም ሥር ሲታፈን ሐኪሞች የደረት መውጫ መታፈን ይሉታል፤ ችግሮቹ በዚህ አንድ ስም መጠራት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1956 ነው።

አንዳንድ ሰው ሲፈጠር ከአንገቱ አጥንት የወጣ ትርፍ የጎን አጥንት ይኖረዋል። ከመቶ ሰው አንድ እንኳ የማይሞላ ቢሆንም፣ ይህ አጥንት ወይም ከሱ ተነሥቶ የሚዘረጋ ጠንካራ ክር መተላለፊያውን ያጠብበዋል። አብዛኞቹ ዕድሜያቸውን ሁሉ ምንም ሳይሰማቸው ይኖራሉ፤ በጥቂቶች ላይ ግን ሸክም፣ አደጋ ወይም የትከሻ መውደቅ ሲጨመርበት ችግሩ ይገለጣል።

ከሹሩባው ቅርንጫፎች ጥቂቶቹ ትከሻው ዙሪያ የሚቀሩ ናቸው፤ እነሱም የየራሳቸው ጠባብ በር አላቸው። አንዱ ጠፍጣፋው የትከሻ አጥንት አናት ላይ ባለች ጎድጓዳ፣ በላይዋ ጅማት በተወጠረባት ትንሽ በር አልፎ ክንድን የሚያነሡና ወደ ውጭ የሚያዞሩ ጡንቻዎችን ያዛል። ሌላው ከብብት በስተኋላ በጡንቻዎችና በአጥንት በታጠረ ክፍተት ወጥቶ የትከሻን ቅርጽ የሚሰጠውን ክብ ጡንቻ ያንቀሳቅሳል። ሦስተኛው በጎን አጥንቶች ላይ ወደ ታች ይወርድና ጠፍጣፋውን የትከሻ አጥንት ከደረት ጋር አጣብቆ የሚይዘውን ጡንቻ ያዛል።

ነርቭ ሲጫን

ነርቭ ሕያው አካል ነው፤ የራሱ ደም ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1981 የስዊድን ተመራማሪዎች የጥንቸል ነርቭን በተለካ ኃይል እየተጫኑ የደም ፍሰቱን ተመለከቱ። ግፊቱ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲደርስ ከነርቩ የሚወጣው ደም መዘግየት ጀመረ፤ ከ60 እስከ 80 ሲደርስ በነርቩ ውስጥ ያለው ፍሰት ቆመ። በጤናማ ሰው ላይ የደም ግፊት ስንለካ ከፍተኛው ቁጥር 120 አካባቢ መሆኑን ስናስታውስ፣ ነርቭን ለማስቸገር የሚያስፈልገው ኃይል ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ይገባናል።

ጉዳቱ ደረጃ አለው። እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሴዶን እ.ኤ.አ. በ1943 በሦስት ከፍሎታል። በመጀመሪያው ደረጃ የነርቩ ክሮች ሳይበጠሱ መልእክት ማስተላለፍ ያቆማሉ፤ ግፊቱ ከተነሣ በቀናት ወይም በሳምንታት፣ ቢበዛ በሦስት ወር ገደማ ይመለሳሉ። በሁለተኛው ክሮቹ ይበጠሳሉ፤ የነርቩ ሽፋን ግን አለ፣ ክሮቹም በሽፋኑ ውስጥ እንደገና ያድጋሉ። በሦስተኛው ነርቩ ራሱ ይቆረጣል፤ ያለ ቀዶ ሕክምና አይገጥምም።

የተበጠሰ የነርቭ ክር የሚያድገው በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ በወር 3 ሴንቲ ሜትር ነው። ከአንገት ሥር ተነሥቶ ትከሻ ጡንቻ ዘንድ ለመድረስ ግማሽ ዓመት ገደማ ይበቃው ይሆናል። እጅ መዳፍ ለመድረስ ግን ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ መጓዝ አለበት፤ ይህ ሁለት ዓመት ያህል ነው። ነርቭ ያጣ ጡንቻ ደግሞ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ካለፈው በኋላ ነርቩ ቢደርስለትም ወደ ቀድሞ ኃይሉ መመለስ ይከብደዋል። «ትንሽ ልታገሠው፣ ያልፍልኛል» የሚለው መልካም ልማድ የእጅ ጡንቻ መቅለጥ ከጀመረ በኋላ ዋጋ የሚያስከፍለው በዚህ ምክንያት ነው። የሚያም ትከሻ ሊጠብቅ ይችላል፤ የሚሰንፍ እጅ ግን መጠበቅ የለበትም።

በጥያቄ የሚጀምር ምርመራ

ጤና ጣቢያ የመጣችን አንዲት እናት እናስብ። ክንዷ ይጠዘጥዛታል፣ ጣቶቿን ይወርራታል፣ ሌሊት ያስነሣታል። የሚጠየቁት ጥያቄዎች ቀላል ናቸው፤ በምትናገረው ቋንቋ፣ በኦሮምኛም ይሁን በሶማልኛ ወይም በአማርኛ፣ ሳይቸኩሉ መጠየቅ ግን ግዴታ ነው። የትኛው ጣት ነው የሚደነዝዘው? ክንዱ ላይስ ድንዛዜው እስከ የት ይደርሳል? ምን ስታደርጊ ይብሳል፣ ምን ስታደርጊ ይቀላል? አንገትሽ ተጎድቶ ወይም ወድቀሽ ታውቂያለሽ? ዕቃ ከእጅሽ ይወድቃል? ምን ትሸከሚያለሽ፣ በየትኛው በኩል፣ ገመዱ የት ላይ ያርፋል? ልጅ ታዝያለሽ?

ጣቷን በቃል ከመግለጽ ይልቅ በሌላኛው እጇ የደነዘዘውን ቦታ እንድታሳይ መጠየቅ ይሻላል። አውራ ጣትና ጠቋሚ ከሆኑ ስድስተኛው የአንገት ነርቭ፣ መሐል ጣት ከሆነ ሰባተኛው ይጠረጠራል። ሦስቱ አንድ ላይ፣ በተለይ ሌሊት፣ ከደነዘዙ ችግሩ የእጅ አንጓ ላይ ያለ የነርቭ መታፈን ሊሆን ይችላል። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ ብቻ ከሆነ ክርን ላይ የታፈነ ነርቭ ይሆናል። ድንዛዜው ከትንሿ ጣት አልፎ የክንዱን ውስጠኛ ጎን እስከ ክርን ከያዘ ግን ከክርን በላይ መፈለግ አለበት፤ ስምንተኛው የአንገት ነርቭ ወይም የደረት መውጫ ላይ ያለው የሹሩባው ታችኛ ክፍል ነው። ትከሻ ውጫዊ ጎን ላይ የመዳፍ ያህል ቦታ ብቻ ከደነዘዘ፣ በተለይ ትከሻው ወልቆ ከነበረ፣ ከብብት በስተኋላ የሚያልፈው ነርቭ ተጎድቷል። እጅ ላይ ምንም ድንዛዜ ሳይኖር ትከሻ በስተኋላ ጠለቅ ብሎ የሚያም፣ ክንድ ለማንሣት የሚሰንፍ ከሆነ ደግሞ በትከሻ አጥንት አናት የሚያልፈው ነርቭ ይታሰባል።

በእጅ የሚደረጉ ፈተናዎች

ሁለት ትከሻዎች ጎን ለጎን መታየት አለባቸው፤ ስለዚህ ክብሯ በተጠበቀበት ቦታ፣ ሴት ባለሙያ ባለችበት፣ ልብስ ገለጥ ይደረጋል። ከጠፍጣፋው የትከሻ አጥንት በላይ ወይም በታች አንዱ ወገን ጎድጉዶ ከታየ ጡንቻው ቀልጧል። ሁለት እጇን ግድግዳ ላይ አድርጋ ስትገፋ ጠፍጣፋው አጥንት እንደ ክንፍ ወደ ኋላ ከወጣ የጎን አጥንት ላይ የሚወርደው ነርቭ ሥራ አቁሟል። ይህ ጉዳት ከባድ ቦርሳ ለረጅም ጊዜ በሚሸከሙ ወታደሮች ላይ በሐኪሞች በተደጋጋሚ ተመዝግቧል። ብዙውን ጊዜ ሕመሙ ትንሽ ነው፤ ስንፍናው ግን ግልጽ ነው። ሸክሙ ሲቆም አብዛኞቹ በወራት ውስጥ ይድናሉ።

አንድ ቀላል ምልክት ግን ከሁሉ ይበልጣል። በሽተኛዋን እጇን አናቷ ላይ እንድታስቀምጥ እንጠይቃት። ነርቩ የታፈነው አንገት ውስጥ ከሆነ ይህ አቀማመጥ ውጥረቱን ስለሚያላላ ሕመሙ ይቀንሳል፤ አንዳንዱ በሽተኛ ሳይጠየቅም እጁን አናቱ ላይ አድርጎ ይገባል። የደረት መውጫ ላይ ከሆነ ደግሞ ክንድ ከፍ ሲል ሕመሙና ድንዛዜው ይብሳል፤ ልብስ ስትሰቅል፣ ፀጉር ስትሠራ፣ ከፍ ካለ ቦታ ዕቃ ስታወርድ ይነሣባታል።

ለአንገቱ፣ ጭንቅላትን ትንሽ ወደ ኋላና ወደሚያመው ወገን አዘንብሎ ከላይ በዝግታ መጫን የታወቀ ፈተና ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1944 ስፐርሊንግ የተባለ ሐኪም የገለጸው ነው። ሕመሙ ከአንገት ተነሥቶ ወደ ክንድ ከሮጠ አንገት ይጠረጠራል። ነገር ግን የወደቀ፣ ትኩሳትና ክብደት መቀነስ ያለበት ወይም የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ የሚጠረጠርበት ሰው ጭንቅላቱ ፈጽሞ አይጫንም።

ለደረት መውጫው፣ ሁለት ክንዶች ወደ ጎን ተዘርግተው ክርን ወደ ላይ ታጥፎ፣ መዳፍ ለሦስት ደቂቃ ይከፈታል፣ ይዘጋል። እጁ ሳይጨርስ ከደነዘዘ፣ ከከበደና ከወደቀ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ ይህን ፈተና እ.ኤ.አ. በ1966 ያስተዋወቀው ሩስ የተባለ ሐኪም ነው። አንገት አዙሮ ትንፋሽ ይዞ የእጅ አንጓ ምት ጠፋ አልጠፋ ብሎ ማየት የቆየ ልማድ ነው፤ በብዙ ጤነኞችም ላይ ምቱ ስለሚጠፋ በሱ ብቻ መፍረድ አይገባም። ክንዱ ካበጠና ከሰማያዊ መልክ ጋር ከከበደ፣ ወይም ከነጣና ከቀዘቀዘ፣ የደም ሥር ስለተዘጋ ያንኑ ቀን ወደ ሆስፒታል መላክ አለበት።

እጅን ማየትም አይዘነጋ። የእንግሊዝ የነርቭ ሐኪም ጊሊያት ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1970 እንዳሳየው፣ በትርፍ የጎን አጥንት ክር የታፈነ ሰው ድንዛዜው ትንሿ ጣት በኩል ሆኖ የጡንቻው መቅለጥ አውራ ጣት ሥር ይጎላል። ድንዛዜና መቅለጥ በተለያየ ወገን የሚታይበት እጅ ወደ ደረት መውጫ የሚመራ ትልቅ ምልክት ነው።

ነርቭ የሚመስሉ ሌሎች

የትከሻ ሕመም ሁሉ የነርቭ መታፈን አይደለም። ትከሻን የሚያዞሩት ጅማቶች ሲያብጡ ወይም ሲበጠሱ ክንድ ማንሣት ያማል፤ ጣት ግን አይደነዝዝም። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው መጋጠሚያው ቀስ በቀስ ሊደርቅ ይችላል፤ ሐኪሙ ራሱ ሊያነሣው ቢሞክርም ክንዱ እምቢ ይላል። በድንገት ሌሊት በከባድ ሕመም ጀምሮ፣ ሕመሙ ሲቀንስ ስንፍናው የሚገለጥ የነርቭ ሹሩባ ብግነትም አለ።

በአገራችን ሦስት ነገር ከሁሉ በፊት መታሰብ አለበት። አንደኛው ሥጋ ደዌ ነው። ቆዳ ላይ ስሜት የሌለው ነጣ ያለ ቦታ፣ ክርን ላይ ወይም አንገት ጎን ወፍሮ የሚዳሰስ ነርቭ ካለ መዘግየት አይገባም፤ መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል፤ ከሐረር አጠገብ ያለው ቢሲዲሞ ሆስፒታልም በዚህ ሕክምና የቆየ ታሪክ አለው። ሁለተኛው የሳንባ ነቀርሳ ነው፤ አከርካሪን ሊበላ፣ አንገት ላይ ንፍፊት ሊያወጣ ይችላል። የአንገት ንፍፊት ሲቆረጥ ወይም ናሙና ሲወሰድ ትከሻን የሚያነሣው ነርቭ እዚያው ቆዳ ሥር ስላለ ሊጎዳ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ትከሻው የወደቀና ከፍ ማድረግ ያቃተው ሰው ጠባሳው መታየት አለበት። ሦስተኛው የሳንባ አናት ዕጢ ነው፤ የትከሻና የትንሿ ጣት ሕመም ካለበት ጋር አንዱ የዓይን ቆብ ከወደቀ፣ ብሌኑ ካነሰ ወይም ክብደት ከቀነሰ የደረት ኤክስሬይ ግድ ነው።

የግራ ትከሻና ክንድ ሕመም ከደረት መጨነቅ፣ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ ልብ ነው፤ ደቂቃ አይባክንም። ሁለት እጅ አንድ ላይ ቁልፍ መቆለፍ ካቃታቸው፣ እግርም ከተንገዳገደ ወይም ሽንት ካስቸገረ ሕብለ ሰረሰሩ ራሱ ተጭኗልና አስቸኳይ ሪፈር ያስፈልጋል።

መሣሪያ መቼ

ኤክስሬይ ትርፍ የጎን አጥንትን፣ የተጎዳ አከርካሪንና የሳንባ አናትን ያሳያል፤ ከቢዮ አዋሌ ተነሥቶ ድሬዳዋ ድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታል ይህን ማግኘት ይቻላል። ሐረር ያለው ሕይወት ፋና ሆስፒታልም የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የማስተማሪያ ሆስፒታል ነው። ኤምአርአይ ዲስክንና ነርቭን ያሳያል። ነርቭ በኤሌክትሪክ የሚለካበት ምርመራ ጉዳቱ የት እንዳለና ክሮቹ ተበጥሰው እንደሆነ ይናገራል፤ ይህን የሚሠራ ማዕከል በብዛት የሚገኘው ግን በመኪና 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ምርመራው የጡንቻን ለውጥ በትክክል የሚያሳየው ጉዳቱ ከደረሰ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት በኋላ በመሆኑ፣ በሁለተኛው ቀን ቸኩሎ የተደረገ ምርመራ «ጤነኛ ነው» ቢል መታመን የለበትም።

ስለዚህ ሪፈር የሚጻፍላት የትኛዋ በሽተኛ እንደሆነች መለየት ያስፈልጋል። ጡንቻዋ እየሰነፈ ወይም እየቀለጠ ያለች ቶሎ ትሄዳለች። ሕመምና ድንዛዜ ብቻ ያለባት፣ ኃይሏ ሙሉ የሆነ፣ አደገኛ ምልክት የሌለባት ግን መጀመሪያ ስድስት ሳምንት ያህል እዚያው ትታከማለች። የመሳፈሪያውን፣ የማደሪያውንና የምርመራውን ወጪ ለሚያስፈልጋት ማቆየት የሕክምናው አካል ነው።

ሕክምናው

አብዛኛው የትከሻ ነርቭ መታፈን ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻሻላል። መጀመሪያ የሚደረገው ግፊቱን ማንሣት ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በሁለት ባለ 10 ሊትር ይከፈል። ቀጭኑ ገመድ በሰፊ፣ በታጠፈ ጨርቅ ይተካ፤ ያው ክብደት ሰፊ ቦታ ላይ ሲያርፍ ግፊቱ ይቀንሳል። ሸክም አንድ ትከሻ ላይ ብቻ አይንጠልጠል። በየመንገዱ ወገብ በሚደርስ ድንጋይ ወይም መደብ ላይ እያሳረፉ መሄድ፣ ሸክሙን ከመሬት ከማንሣት ይልቅም ከዚሁ መደብ ላይ ማንሣት ይረዳል። አህያ ያለው ቤት ውኃውን በአህያ ያምጣ፤ ለዚህ የታመመችው ብቻ ሳትሆን ባልና ወንድ ልጆችም መጠራት አለባቸው። «አትሸከሚ» ብሎ ብቻ መሸኘት ሕክምና አይሆንም፤ ውኃው ማን እንደሚያመጣ አብሮ መታሰብ አለበት።

ቀጥሎ እንቅስቃሴ ነው። ክንድን አስሮ ማስቀመጥ መጋጠሚያውን ያደርቃል። ትከሻን ወደ ኋላና ወደ ታች ሰብስቦ አምስት ሰከንድ መያዝ፣ አንገትን ወደ ጎን በዝግታ መሳብ፣ በሆድ መተንፈስን መለማመድ፣ ክንድን ዘርግቶ ነርቩን በቀስታ እንዲንሸራተት ማድረግ፣ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ይሠራል። ድንዛዜ የሚጨምር እንቅስቃሴ ይቀነሳል። ውጤቱ የሚመዘነው ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ነው፤ በሦስተኛው ቀን ተስፋ የሚቆረጥበት አይደለም። ፊዚዮቴራፒስት ባለበት ሆስፒታል አንድ ጊዜ በትክክል መማር በቤት ውስጥ ለወራት ያገለግላል።

መድኃኒት ሦስተኛ ነው። ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ለአጭር ጊዜ ሕመም ይቀንሳሉ፤ የጨጓራና የኩላሊት ችግር ላለበት ሰው ግን አደጋ አላቸው። ለነርቭ ሕመም ማታ በትንሽ መጠን የሚወሰድ አሚትሪፕቲሊን፣ ወይም ጋባፔንቲን፣ በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል። የቢ ኮምፕሌክስ መርፌ ቫይታሚኑ ለጎደለው ሰው ይጠቅማል፤ አጥንትና ጡንቻ የጫነውን ነርቭ ግን አያስለቅቅም። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት አይሶናያዚድ የሚወስድ ሰው እጅና እግሩ ከደነዘዘ ቫይታሚን ቢ6 ያስፈልገዋልና ለጤና ባለሙያው መንገር አለበት።

ስለ ወጌሻም መናገር ይገባል። ወጌሻ በገጠራችን መጀመሪያ የሚጠራ፣ ሰው የሚያምነው ባለሙያ ነው፤ የተካኑትም የወለቀ መጋጠሚያ በመመለስ የታወቁ ናቸው። ለደነዘዘ ክንድ ግን አንገትን በኃይል ማዞር፣ ክንድን መጎተት፣ ጠበቅ አድርጎ ማሰር፣ በጋለ ብረት መተኮስ ነርቩን ይጎዳዋል። ትከሻ ወልቆ ከሆነ ከመመለሱ በፊትም ከተመለሰ በኋላም የትከሻ ውጫዊ ጎን ስሜት እንዳለው ዳስሶ ማየት ማንም የሚችለው ጥንቃቄ ነው። የደነዘዘ እጅ ሙቀት አይሰማውምና ምጣድ ላይ፣ ድስት ላይ፣ በሙቅ ውኃ መታሸትም ላይ ቃጠሎ እንዳይደርስ ጤነኛው እጅ ቀድሞ ይለካ።

ቀዶ ሕክምና

ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው ጡንቻ እየቀለጠ ሲሄድ፣ የደም ሥር ሲዘጋ፣ ነርቩን የሚጫን ዕጢ ወይም ፈሳሽ የቋጠረ እብጠት ሲገኝ፣ ወይም ለወራት በሥርዓት የተደረገ ሕክምና ሳይረዳ ሲቀር ነው። ለደረት መውጫ ትርፉ አጥንት ወይም የመጀመሪያው የጎን አጥንት ይወጣል፣ የሚያጠብበው ጡንቻም ይላቀቃል፤ ለትከሻ አጥንት አናቱ ነርቭ የተወጠረው ጅማት ይቆረጣል፤ ለአንገቱ የወጣው ዲስክ ይነሣል። ሳንባና ትላልቅ የደም ሥሮች አጠገብ የሚሠራ ሥራ ስለሆነ ልምድ ያለው እጅ ይፈልጋል። በኢትዮጵያ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስቶች ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2006 ከኖርዌዩ ቤርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ተጀምሯል፤ በፊት ውጭ አገር ካልተሄደ የማይታሰብ የነበረ ሕክምና ዛሬ አገር ውስጥ መገኘቱ ትልቅ ለውጥ ነው።

በካርዱ ላይ ሦስት መስመር

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሴት ባለሙያዎችን ወደ እያንዳንዱ ቀበሌ አድርሷል። የእናቶችን ጤና፣ ክትባትንና የወባ መከላከልን ቤት ለቤት ያስተማሩ እነዚህ ሴቶች የደነዘዘች ትንሽ ጣት ምን እንደምትናገርም ማወቅ ይችላሉ። በጤና ጣቢያ ካርድ ላይ ሦስት መስመር ቢጻፍ ይበቃል፦ የት ነው የሚደነዝዘው፣ ምንድን ነው የሰነፈው፣ ምን ትሸከማለች? የመጀመሪያው ነርቩ የት እንደታፈነ ይጠቁማል፣ ሁለተኛው ምን ያህል መቸኮል እንዳለብን ይነግራል፣ ሦስተኛው ሕክምናው ከየት እንደሚጀምር ያሳያል።

ሦስተኛው መስመር ከጤና ጣቢያው ግቢም ይወጣል። በአንድ ቀበሌ ተመሳሳይ ምልክት ያላቸው ሴቶች ካርድ ላይ ያው ጀሪካን፣ ያው ሩቅ የውኃ ቦታ ከተደጋገመ፣ የውኃ ጽሕፈት ቤቱ የሚያስፈልገውን ማስረጃ ጤና ጣቢያው ይዟል። የውኃ ቦታው ከ1 ኪሎ ሜትር ወደ 200 ሜትር ቢቀርብ ለዚያ አምስት ነፍስ ቤት በቀን በሸክም የሚሄደው መንገድ ከ6 ኪሎ ሜትር ወደ 1.2 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ይህን የሚተካ ክኒንም፣ መርፌም፣ ቀዶ ሕክምናም የለም። ነርቭን የሚያክሙ ሰዎችና ቧንቧ የሚዘረጉ ሰዎች ለአንዲት እናት ትከሻ የሚሠሩት ሥራ አንድ ነው፤ እርስ በርስ መነጋገርም ይገባቸዋል።